ሙሽራዋን ፎቶዋን ለማስመሰል ስለተደረገው ጥረት ለእድራችን ሰብሳቢ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ባየልኝ
የሰላም በር መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
ሸሕዲ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎ ወይዘሮ አየሁሽ፣ አብደራፊ ያለው ልጅዎ አገኘሁ፣ ቤቱም ከብቱም፣ መጋዘን የገባው ሰሊጥዎም ጭምር ደኅና እንደሆኑ ሙሉ ተስፋ አለኝ። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የጻፍኩት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ደኅናስ አይደለንም። ልጅዎ ሊያገባት ቀን የተቆረጠላት ልጄ ሃይሚ ፊቷ ተቃጥሎ፣ መስኮቱን በአንሶላ ጋርዳ ተኝታለች፤ እኔም እናቷ ክፍሌን ለሌላ መምህርት አደራ ብዬ ከአጠገቧ ተቀምጫለሁ። ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ይህን ገና ከመጀመሪያው የጻፍኩት፣ እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎት ሰው ስለሆኑ ደብዳቤውን ሳይጨርሱት ቢቀሩ እንኳ ዋናው ነገር እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ በእድሩ ቤት በር ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ነው። የእድሩን ሱቅ ተከራይታ የምትነግደው ረፊቃ፣ የልጆቻችንን ፊት የሚያበላሽ ባዕድ ቅባት እየሸጠች የሠርግ ቤትን ወደ ሐዘን ቤት ስለለወጠች፣ ከሱቁ እንድትወጣ የፊታችን እሁድ ጉባኤው ይወስናል ይላል። እንደ አማርኛ መምህርትነቴ ማስታወቂያውን ደጋግሜ አነበብኩት። አራት ነጥቡ በቦታው ነው፣ ነጠላ ሰረዙ በቦታው ነው፣ ማኅተሙም አልተንሻፈፈም። የጎደለው የእርስዎና የእኔ ስም ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ሞልቼ እዚያው በር ላይ፣ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን እለጥፈው ዘንድ ይፍቀዱልኝ። ባይፈቅዱም ለጥፌዋለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተማሪዎቼንም እንዲህ ጻፉ እያልኩ ስለማስተምር ነው።

አንደኛ። ወይዘሮ አየሁሽን ወደ ቤታችን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። የሰሊጡ አረም በባሰበት ሰሞን፣ ነሐሴ ላይ ነበር። በእኛ ዘንድ ልጅ ማየት እንዴት እንደሚደረግ አገር ያውቀዋል፤ የወንዱ እናት ወንፊት ልትዋስ ትመጣለች፣ ስትሄድ ግን ወንፊቱን የሚያስታውሰው የለም። ወይዘሮ አየሁሽ የደረሱት ሃይሚ ከአባቷ ጋር ከአረም ተመልሳ፣ ሻሿን አንገቷ ላይ ጥላ እግሯን ስትታጠብ ነው። ቁመናዋን አመሰገኑ፣ ጨዋነቷን አመሰገኑ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሷንም እንደ ትንሽ ጉድለት አይተው አለፉት። ሊወጡ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ልጅቷ እንከን የላትም፣ ፀሐይ ትንሽ መትቷታል እንጂ፣ ሠርጉ እስኪደርስ ይለቃታል አሉኝ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ልጄን ፀሐይ አልመታትም። ጠይም ሆና ነው የተወለደችው። አባቷ ቢያድግልኝ ጠይም ነው፣ አያቷም ጠይም ነበሩ፣ ሲያልፉም የመተማን ፀሐይ ማንም አልወቀሰባቸውም። ይህን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ መናገር ነበረብኝ። አፍ አለኝ፤ ክፍል ውስጥ ስቆም ድምፄ እስከ መንገዱ ይሰማል። እኔ ግን ምን ብል ጥሩ ነው? አዎ፣ ይለቃታል አልኩ። ስለ ሸሚዝ እድፍ የተጠየቅሁ ይመስል። ሃይሚም ከመታጠቢያው ሆና ሰምታናለች፤ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ እግሯን ታጠበች።

ደግሞ ምስጋናው ሳይዛነፍ፣ ቃል በታሰረ ዕለት ቤታችን ተቀምጠው የተናገሩትንም ላንሳ። የልጅ ልጆችዎ እንደ አባትዎ ቀያይ ሆነው ሳያዩ እንዳይሞቱ እንድንጸልይልዎ ጠየቁን። አባቶቻችን ከደጋ ሲወርዱ በሬና ዘር ብቻ ሳይሆን መልክም ይዘው ነው የወረዱት፣ በረሃው እንዳይቀማን እንጠንቀቅ አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ልጅዎ አገኘሁ አብደራፊ ቀኑን ሙሉ ትራክተር ላይ ውሎ ከእኔ ልጅ የባሰ ጠቁሯል፤ እሱን ግን እንዲህ ፀሐይ የመታው አንጀተ ጠንካራ ሠራተኛ ስለሆነ ነው እያልን አሞገስነው። ያንኑ ፀሐይ፣ ያንኑ የሰሊጥ ማሳ ሴቷ ስትሞቀው ይለቃታል እንላለን። እኔም እዚያው ምግብ እያቀረብኩ ነበርና አሜን ካሉት ሰዎች መካከል ድምፄ የጎላ ነበረ።

ሁለተኛ። ልጅዎ ሃይሚን ከልጅነቷ ወዲህ ስላላያት ፎቶ ይላክለት ስላሉ አመሰግናለሁ። ፎቶ ቤት ሄድን። ፎቶ አንሺው ማናዬ ሥራውን የሚያውቅ ትሑት ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲህ ይሁን ወይስ እንዲህ እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔ ከኋላው ቆሜ ትንሽ ጨምር፣ ኧረ ትንሽ ጨምርበት እላለሁ። ሻይዬ ላይ ስኳር የማስጨምር ነበር የሚመስለው። የልጄ ፊት ከኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ቀስ በቀስ ሲጠፋ፣ በእሷም ቦታ የሆነች የማላውቃት ቆንጆ ሙሽራ ስትመጣ ቆሜ አየሁ፤ ደስም አለኝ። ሃይሚ ፎቶውን ስታየው ከልቧ ሳቀች። እማ፣ ይህቺ ማን ናት፣ ሳትነግሪኝ ሌላ ልጅ ወልደሻል እንዴ አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁና ፎቶውን ለእርስዎ ላክሁ።

ፎቶው እንዴት እንደተወደደ እርስዎ ያውቃሉ፤ ከስልክዎ አውጥተው ያላሳዩት የእድር አባል የለም። አገኘሁም ከአብደራፊ ደውሎ በመልኳ መደሰቱን ነገረን። ያኔ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፣ ሙሽራው ፎቶውን አይቷል፣ አማቶቿ ፎቶውን አይተዋል፣ አገሩ ፎቶውን አይቷል፤ ቤቴ ያለችው ልጅ ግን ሃይሚ ናት። ሰው ቢጠይቀኝ ፎቶው ተስተካክሏል ብል ምን እሆን ነበር? አፍር ነበር። ማፈርን ፈርቼ ልጅቷን ፎቶዋን ላስመስላት ተነሳሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ጭንቅላት ይዤ የሰው ልጅ አስተምራለሁ፤ ጉድ እኮ ነው!

ሦስተኛ። ለረፊቃ ሱቅ ስላከራዩልን አመሰግናለሁ፤ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ የሱዳኑን ሽቱ ሌላ የት እናገኝ ነበር? ቅባቱን የገዛሁት ከእሷ ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ማስታወቂያዎ በዚህ አልዋሸም። ነገር ግን ረፊቃ ለማን ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር። ለራሴ ነው አልኳት። ጉንጬ ላይ ማዲያት ስላለብኝ አመነችኝ፤ ማዲያቱ ላይ ብቻ በጣትሽ ጫፍ ንኪው፣ ሌላው ላይ አታድርጊው፣ ካቃጠለሽ ተይው፣ ፀሐይም እሳትም አታሳይው ብላ እንደ እህት መከረችኝ። ጨዋ ሴት ናት፤ ዋሸኋት። ቤቴ ገብቼ በጣት ጫፍ የተባልኩትን በመዳፌ አፈስኩት።

ማታ ማታ የምቀባት እኔው ነበርኩ። ሃይሚ መጀመሪያ ተይኝ አለች፣ ቀጥሎ ተከራከረች፣ ቆይታ ግን ተወችው፤ ልጅ እናቷ ስታሳዝናት ዝም እንደምትል እርስዎ አባት ነዎትና ያውቁታል። ፊቷ ሳስቶ ሲያብረቀርቅ ወዛች አልን። ጉንጯ ሲቆጣ ደም መጣላት አልን። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ፣ እሰይ፣ ይህን መልክ የት ደብቀሽው ኖሯል ይላታል። ወይዘሮ አየሁሽም መጥተው ጉንጯን ስመው፣ አሁን የእኛን ቤት ሰው መሰልሽ አሏት። ልጄ ያን ዕለት መስታወቱ ፊት ብዙ ቆየች። እውነቱን ልንገርዎ፣ እሷም ደስ ብሏት ነበር፤ እስከ ዛሬ ከሚያመኝ ሁሉ ይህኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ጠይም ፊቷን መጥላት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በደንብም ተምራልኛለች።

ቀጣዩ ቁጥር አራተኛ መሰለኝ። ይህ ግን ለእርስዎ ምስጋና የሚሆን ነገር የለበትም፤ የራሴ ነው። ሠርግ ሲቃረብ ሙሽራ ጢስ እንደምትገባ ያውቃሉ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የወይባ እንጨት ይጨስበታል፣ ልጅቷ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ በላዩ ትቀመጣለች፤ ላብ ይወርዳታል፣ ገላዋ ይለሰልሳል፣ መዓዛው ይከተላታል። እናቶቻችን ሁሉ ያደረጉት ነገር ነው፣ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ሥርዓቱም ፊት ከብርድ ልብሱ ውጭ መሆኑ ነው። እኔ ግን ሌላ ስሌት አሰላሁ። ቅባቱ እንዲህ ካሳመራት፣ ጢሱ ቢጨመርበት ደግሞ እንዴት ትሆን አልኩ። አማቶቿ የሚያዩት ፊቷን እንጂ ገላዋን አይደለም አልኩና ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ሳብኩት።

እማ፣ አቃጠለኝ አለች። ቻይው አልኩ፤ ሙሽራ አይደለሽ እንዴ አልኩ። እማ ፊቴን፣ ፊቴን አለች። ከውጭ የተቀመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም ብርድ ልብሱ እንዳይገለጥ ጫፉን በእጄ ይዤ ነበር። ከዚያ ዝም ስትል የለመደችው መሰለኝ።

ወየው ለእኔ፤ ስንገልጣት ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ ሃይሚ ይህን ደብዳቤ ታነበዋለችና። ወደ ጤና ጣቢያ በባጃጅ ስንሄድ ነጠላዬን ፊቷ ላይ ልጥል ስል ጮኸች። ሲስተሯ ምን ስትቀባ ነበር ብላ ጠየቀች። ቅባቱ ቆዳዋን አሳስቶት እንደነበር፣ ፀሐይ እንኳ ሊያየው የማይገባ ፊት እሳት ላይ እንዳስቀመጥነው በለሰለሰ ድምፅ ነገረችን። ባለቤቴ ትድናለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ትድናለች፣ ግን ቁስሉ ጠቆር ያለ ምልክት ሊተው ይችላል አለች። ክቡር ሰብሳቢ፣ አንድ አባት ትድናለች ወይ ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ እናትየዋ ምን ብላ እንደጠየቀች ያውቃሉ? ጠቆር ያለው ለጥር ይለቃል ወይ አልኩ። ልጄ አልጋው ላይ ተኝታ እየሰማችኝ። ሲስተሯ ጆሮዋን አላመነችም መሰለኝ፣ ምን አሉኝ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስላደረጉልን ነገር ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሽማግሌዎችዎን ልከው ልጅቷን እግዜር ይማርልን፣ ነገሩ ግን ለጊዜው ይቆይ አስባሉን። ልክ ነው፤ የታጨው ፎቶው ነበር፣ ፎቶው ደግሞ አልተቃጠለም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሃይሚ ናት። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ከጓዳ ሆና፣ ፎቶውን ይዳሩለታ፣ እሷ ደኅና ናት አለች። ከተቃጠለች ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ልስቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝና ሁለቱንም አደረግሁ።

ቀጥለው ጉባኤ ጠሩ። በጉባኤው ላይ እጅዎን ወደ ላይ አንስተው፣ ለመሆኑ ሰው ምን ጎደለኝ ብሎ ነው የገዛ ቆዳውን የሚልጠው፣ ይህ በሽታ ከየት መጣብን ብለው ጠየቁ። መላሽ ባለመገኘቱም መልሱን ራስዎ ሰጡ፤ ከማዶ መጣ፣ ረፊቃ አመጣችው አሉ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ፣ መምህርት ሆኜ ሳልመልሰው ባልፍ ደመወዜ አይባረክልኝም።

ሃይሚ የተወለደች ዕለት፣ ገና እትብቷ ሳይደርቅ፣ ሊጠይቁን የመጡት ሴቶች ጆሮዋን ገልብጠው አዩ። የሕፃን ጆሮ ጫፍ የነገ መልኩን ይናገራል ስለሚባል ነው። ጆሮዋ ጠይም ሆነ፤ ግድ የለም፣ ጤና ይስጣት ተባለ። ግድ የለም የሚባለው ግድ ላለው ነገር ነው። ልጅቷ ስሟን ሳታውቅ ግድ የለም ተባለላት። ያን ጊዜ ረፊቃ ሱቅ አልነበራትም፤ ቅባቱም ገና ወንዙን አልተሻገረም።

ሌላም አለ። በክፍሌ አንድ ልጅ አንዲቱን ጓደኛውን፣ ከአባቶቻችን በፊት እዚህ ቆላ ውስጥ የነበሩትን የጉሙዝ ጎረቤቶቻችንን ስንንቃቸው በምንጠራበት ስም ሰደባት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ተሳዳቢውን ቆጣ ብዬ፣ አንተ፣ እሷ እኮ እንዲያ አይደለችም አልኩት። ልብ አሉልኝ? እንዲህ ብለን ሰው አንጠራም አላልኩም። ስድቡ ለእሷ አይገባም፣ ለሌላ ሰው አስቀምጠው ነው ያልኩት። አርባ ምናምን ሕፃን ፊት ቆሜ። እንግዲህ አንዲት ጠይም ልጅ ይህን እየሰማች አድጋ፣ ከዚያኛው ስም ለመራቅ እጇ የገባውን ሁሉ ፊቷ ላይ ብትቀባ ምን ይገርማል? በሽታው ከየት መጣ ላሉት፣ ለጊዜው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየተሰጠ ነው።

በዚያው ጉባኤ ረፊቃ ጥግ ላይ፣ የሱዳን ልብሷን ቶቧን ሰብስባ ተቀምጣ ነበር። ስሟ ሲነሳ፣ የልጅ ገዳይ ስትባል፣ ዓይኗን አንስታ እኔን አየችኝ። ለራሴ ነው ብለሽኝ አልነበረም እንዴ ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። አላለችም። የተኛችው ልጄ ስለሆነች አዘነችልኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔን ወደ ጫማዬ መለስኩ። ጉባኤው ሲበተን ሰዎች አይዞሽ መምህርት እያሉ ትከሻዬን አቀፉኝ፤ እሷን ሰላም ያላት የለም። ሌላው ጥፋቴ ሁሉ ከእንዝህላልነትም ከከንቱነትም የመጣ ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ ይህኛውን ግን እያወቅሁ፣ በቀን ብርሃን፣ ቁጭ ብዬ ነው ያደረግሁት። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ረፊቃ ንጹሕ ናት አላልኩም። ቅባቱን ሸጣለች፤ ለማዲያትም ይሁን ለሌላ ስለ መሸጧ፣ ጉዳዩን ለሚያውቁ ሰዎች መልስ ትስጥ። የደንበኞቿን ስም ግን አትናገርም፣ እኔም እዚያ ሱቅ ስገባ ሲወጡ ያገኘኋቸውን አልናገርም። ወይዘሮ አየሁሽ በዚህ ንዳድ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ የሚከናነቡት ለጸሎት እንደሆነ እኔም እንደ እርስዎ አምናለሁ።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል። የልጅቷን ስም አገር ላይ ታዞሪዋለሽ፣ እኛም ቀና ብለን አንሄድም አለኝ። እውነት አለው። ስለዚህ ባለጉዳይዋን ጠየቅኋት። ሃይሚ እያንዳንዱን ገጽ ተቀብላ ባላበጠው አንድ ዓይኗ አነበበችና ስሜን እንዳለ ተይው፣ ፊቴን እንደሁ አገሩ አውቆታል አለች። ቀጥላም፣ ረፊቃን በእኔ ሰበብ ካስወጧት ግን እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም፣ ሱቋን በየት በኩል አልፌ ልሂድ አለችኝ። ልጄ ከእኔ ብዙ ነገር ትጠይቀኝ ዘንድ መብት አላት፤ የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ በታላቅ ትሕትና የምጠይቅዎ እሁድ ጉባኤው እጅ ከማውጣቱ በፊት እንዲህ ተብሎ እንዲነበብለት ነው፦ ጠይም ሙሽራ አንፈልግም ያለው ባየልኝ ነው፤ ፎቶውን ያስቀየረችው፣ ቅባቱን ዋሽታ የገዛችው፣ የቀባችውና ጢሱን ያጨሰችው አሰበች ናት፤ የሸጠችው ረፊቃ ናት። ከዚህ በኋላ ጉባኤው ማን ይውጣ ቢል ይበል። መውጣት ካለም ከእኔ ይጀመር። ከእድሩ ተሰርዤ ብሞት የሚቀብረኝ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ይህን አስቤበታለሁ። እኔ እሁድ እዚያው እገኛለሁ፣ ይህንኑ ቆሜ እናገራለሁ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት ድምፄ ይሰማል።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ከልብ በመነጨ አክብሮት፣ ለልጆቻችን መልክ ስለሚያደርጉት የማይታክት ጥበቃ ሁላችንም እስክንነጣ ድረስ አመስጋኝዎ ሆኜ እኖራለሁ።

የሃይሚ እናት
መምህርት አሰበች

ግልባጭ፦
ለፎቶ አንሺው ለማናዬ፤ የኮምፒውተሩን ልጅ እንዲያጠፋልኝና የእኔን እንዲመልስልኝ።
ለአገኘሁ፣ አብደራፊ፤ ትራክተሩን ሲያቆም እንዲያነበው፤ ከቻለም መጥቶ የታጨችለትን አንድ ጊዜ እንዲያያት።
ለረፊቃ፤ ከማልደፍረው ይቅርታ ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልወጣ ስል እንግዳ መጣብኝ። እኛን ለጊዜው ይቆይ ካሉን በኋላ ሽማግሌዎችዎ ሌላ ቤት መግባታቸውን ሰምቼ ነበርና እንኳን ደስ ያለዎት። የመጣችው የዚያች ልጅ እናት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ልጇም እንደ ልጄ ጠይም ናት። ፎቶ ተልኳል አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ሃይሚ አስገባኋትና የመስኮቱን አንሶላ ገለጥኩላት፤ ልጄም ፊቷን አላዞረችም፣ እስክትጠግብ አሳየቻት። ሴትየዋ አልጋው ሥር ተንበርክካ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። በሩ ድረስ ሸኘኋት። እንባዋን በነጠላዋ ጠራርጋ፣ ጢሱን ትተን ቅባቱን ብቻ ብናደርግላትስ ብላ ጠየቀችኝ።